ቆዳ የሚለፋባት ከተማ

ወደ ፌስ አል-ባሊ መኪና አይገባም። የጥንታዊቷ የሞሮኮ ከተማ መተላለፊያዎች ለሰው፣ ለበቅሎና ለአህያ ብቻ የሚበቁ ናቸው። ከኋላ “ባላክ! ባላክ!” የሚል ጩኸት ሲመጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ ወዲያው እርጥብ ቆዳ የተቆለለበት አህያ ጎን እየታከከ ያልፋል። መንገድ መጠየቁን ትቼ አህያውን ተከተልኩ። ወዴት እንደሚሄድ ሽታው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

ሹዋራ የሚባለው የቆዳ ማልፊያ በቤቶች ስለተከበበ ደህና አድርጎ ለማየት በአንዱ የቆዳ ሱቅ ደረጃ ወደ ሰገነት መውጣት ያስፈልጋል። ባለሱቁ ደረጃው ሥር አንድ ዘለላ ናና እጄ ላይ አኖረልኝ፤ አፍንጫ ሥር የሚያዝ ነው። ከላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ክብ ክብ የድንጋይ ጉድጓዶች እንደ ማር እንጀራ ተያይዘው ተደርድረዋል። በአንድ ወገን ያሉት ነጭ ናቸው፤ በሌላው ወገን ቀይ፣ ቡኒ፣ ቢጫ። ባዶ እግራቸውን የሆኑ ወንዶች እስከ ጭናቸው ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ይረግጣሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ይጨምቃሉ።

ጎብኚው ሁሉ ካሜራውን ወደ ቀለሙ ያዞራል። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ነጩ ወገን ነው። የቆዳው ልስላሴ የሚጀመረው እዚያ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ኖራ አለ፤ ጸጉሩን ከሥሩ ያላቅቃል፣ ቆዳውንም ያሳብጠዋል። ቀጥሎ ያሉት ጉድጓዶች የያዙት የርግብ ኩስ ነው። የናናው ዘለላ ከአፍንጫ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው። በኩሱ ውስጥ ያሉት የአሞኒየም ጨዎች የኖራውን ኃይል ሲሰብሩ፣ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ኢንዛይም ደግሞ የቆዳውን ጭረቶች አጣብቆ የያዘውን ነገር ይበላል። ያኔ ያበጠው ቆዳ ይሟሽሻል፣ ሐር የሚመስል ልስላሴም ያወጣል። አውሮፓውያንም ለዘመናት የርግብ ኩስና የውሻ እዳሪ ይጠቀሙ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮም እ.ኤ.አ. በ1907 ከኦቶ ሃስ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ከእንስሳት ቆሽት የተሠራ ኢንዛይም ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው ነገሩ እየተለወጠ የመጣው። የሹዋራ ሰዎች ግን በርግቡ ጸንተዋል።

እዚያው ሰገነት ላይ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ይህን ሁሉ ያየ ቆዳ ጸሐይ ላይ ሲሰጣ ተመልሶ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ከተነከረና ከቀለመ በኋላ የሚደርቀው ለምንድን ነው? መልሱን ያገኘሁት ከጉድጓዱ ርቆ በአንዲት ጠባብ የጫማ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ነበር። አዛውንቱ ባለሱቅ “በልጋ” የሚሉትን ተረከዝ አልባ የሞሮኮ ጫማ ይሰፋሉ። “ሲዲ” ብዬ በአክብሮት ሰላም አልኳቸውና የደረቀ ቁራጭ አንስቼ አሳየኋቸው። ፈረንሳይኛ የሚችል ረዳታቸው እያስተረጎመልን፣ ከቃል ይልቅ በእጅ አስተማሩኝ።

እርጥብ ጨርቅ በቆዳው የውስጥ ገጽ ላይ አሹ፤ ጠቅልለውም ርጥበቱ እስኪዳረስ አቆዩት። ከዚያ ቆዳውን በሁለት እጃቸው ወጥረው በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ይስቡት ጀመር፤ በቁመቱ፣ በወርዱ፣ በማዕዘኑ። ሊደርቅ ሲል ጥቂት ዘይት በጣታቸው ቀቡት፤ እንደገና መሳብ፣ እንደገና ማጠፍ። ማድረቂያው ጥላ ነው። የፈላ ውሃ ቆዳውን አኮማትሮ ጭራሽ ያደርቀዋልና ለብ ካለው ውሃ አያልፉም። ዘይቱም ሲበዛ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ጫማ ሆኖ ቅርጹን አይይዝም።

ምሥጢሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ቆዳ ሲደርቅ ጭረቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ውሃ ለጊዜው ያላቅቃቸዋል፤ ዘይት ተመልሰው እንዳይጣበቁ መካከላቸው ይገባል፤ ለያይቶ የሚያኖራቸው ግን እንቅስቃሴው ነው። እየደረቀ ሳለ ያልታሸ ቆዳ፣ የፈለገውን ያህል ቅባት ቢጠጣ ደረቅ ነው። አዛውንቱ ያን ቁራጭ መልሰው ሲሰጡኝ በመዳፌ ውስጥ እጥፍ አለ።

በዚያች ሱቅ ውስጥ እንግድነቱ ለቀቀኝ። በገጠራችን ስልቻና አቁማዳ የሚያለፋ ሰውም ቆዳውን ቅባት እየቀባ ያሻል፣ በእግሩ ይረግጣል። የደጋችን በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ በዓለም ገበያ ለጓንት ይፈለጋል። ነገር ግን ይህን የሚያውቀው ሰው እኛ ጋ ለረጅም ዘመን “ፋቂ” እየተባለ ተሰድቧል፤ ከጋብቻና ከርስት የተገለለበትም አካባቢ ብዙ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መሳደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰው ነበር። ፌስም ቢሆን ለአልፊዎቿ ገነት አይደለችም። ሥራው ወገብ ይሰብራል፣ ኖራው እጅና እግር ይልጣል፣ ከሰገነት የሚያይ እንግዳም አፍንጫውን ይይዛል። ሆኖም ማልፊያው ለእስልምናው ዓለም ታላቅ የትምህርት ደጅ ለአል-ቀራዊዪን፣ እ.ኤ.አ. በ859 ተመሠረተ ለሚባለው፣ የቅርብ ጎረቤት ነው። ከተማዋ ሊቁንም ቆዳ አልፊውንም በአንድ ግንብ ውስጥ አኑራለች።

ፌስን የወደድኳት በዚህ ነው። ሌላው ከተማ ጓዳ የሚደብቀውን ሥራ እሷ መሀል ከተማ አኑራ ሽታውን ሳትሸፍን ታሳያለች። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከቀለሙ በፊት ነጮቹን ጉድጓዶች ይይ፤ ከሰገነቱ ሲወርድም ወደ ጫማ ሰፊዎቹ ሱቅ ጎራ ይበል። ቦርሳ የሚገዛ ከሆነ ቀለሙ አያታልለው። ጥግ ጥጉን አጥፎ ይመልከት፤ መሀሉ ለስልሶ ጠርዙ ከደረቀ፣ የአልፊው እጅ እስከ ዳር አልደረሰም ማለት ነው። ዳር እስከ ዳር እኩል የሚታጠፍ ከሆነ ግን በዋጋው ብዙ አይከራከር። የሚከፍለው ለላብ ነው።