እንቢተኛው ዲናሞ
እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተሠራው ፖርሽ 911 ላይ ዲናሞው የተቀመጠው በማቀዝቀዣው ማራገቢያ እምብርት ውስጥ ነው። ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ባትሪው አይሞላም፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተርም ይግላል። ለዚህ ነው ዲናሞውን የመጠገን ሥራ በጥንቃቄ የምይዘው።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ካላቀቅሁ በኋላ ዳዶውን፣ ቺንጋውንና ማቀፊያውን አወጣለሁ። ዲናሞው ግን ከነማራገቢያው እንቢ ይላል፤ የዓመታት ዝገት ይዞታል። መዶሻ ማራገቢያውን ይሰነጥቃል፤ ዝገት ማስለቀቂያ ረጭቶ መታገሥ ይሻላል።

ሲከፈት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይገኛል፦ ያለቀ ካርቦን ወይም የደረቀ ኩሽኔታ። ተጠግኖ ሲገጠም የቺንጋው ውጥረት በስስ ሮንዴላዎች ይስተካከላል። ሞተሩ ተነሥቶ ቮልቴጁ ወደ 14 ሲጠጋ ደስታዬ ልክ የለውም። ሊጠገን የሚችል ዕቃ ሳይከፈት መጣል የለበትም።