ስልክ መስሎን ነበር

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የቀን አጻጻፍ ነው፦ 09/10። እስቲ እናንተም አንብቧት፤ መቼ ነው? እኛ እንደ ልማዳችን ቀኑን አስቀድመን፣ ወሩን አስከትለን «ኦክቶበር 9» ብለን አነበብናት። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 29 መሆኑ ነው። ጊዜው ጳጉሜን ነበርና «ገና አንድ ወር አለን» ተባብለን የዶሮ ዋጋ ስንጠያየቅ ሰነበትን። ለካስ ጻፊዎቹ ወሩን ከቀኑ የሚያስቀድሙ ሰዎች ኖረዋል! እነሱ ያሉት ሴፕቴምበር 10ን ነው። ማለትም ጳጉሜን 5፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ።

2018ን በአበባየሆሽ ተቀበልን። በሦስተኛው ቀን አንድ የድምፅ ቅጂ ለማውጣት ስንገባ ሰርቨራችን የለም። ተዘግቶ አይደለም፣ ተበላሽቶም አይደለም። የለም።

ለማታውቁን፦ አራት ሴቶች ነን። ጋዜጠኝነት አብረን ተማርን፣ አብረን ተመረቅን፣ ሥራም አብረን አጣን (ኋላ ላይ ሁለታችን አግኝተናል፤ ተመስገን)። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከመቆዘም ብለን አንድ ነገር ጀመርን። ይፈርሳሉ የተባሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን እየዞርን የአዛውንቶችን ድምፅ መቅዳት። ቤቱ በስንት ብር ተሠራ፣ እድሩ እንዴት ተቋቋመ፣ ጉልቱ ላይ ማን ምን ይሸጥ ነበር… በስልካችን እንቀዳለን፣ ወደ ሰርቨር እንልካለን፣ ስልካችን ሲሞላ ከስልካችን እናጠፋለን። («ምነው ሌላ ኮፒ አላስቀራችሁም?» የምትሉ አላችሁ። ቆዩ፣ እንደርስበታለን።)

«ክላውድ» የሚሉት ነገር ስሙ ደመና ይሁን እንጂ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከብዙ ሺህ ጓደኞቹ ጋር ተደርድሮ፣ በሰዓት እየተሰላ የሚከራይ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ኪራይ ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች ገበያውን ተቀላቅለዋል፤ እንደ እኛ ያለ ደሃም በወር በጥቂት ዶላር ባለ ሰርቨር ሆኗል። እኛ የተከራየነው ውጭ አገር ካለ አንድ ድርጅት ነው። ስሙን አንጠራም፤ የያዝነው ነገር አስተያየት እንጂ ክስ አይደለም።

ክፍያው በአንዳችን የአክስት ልጅ ካርድ ነበር። ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ካርዱ ጊዜው አለፈና ባንኩ አዲስ ላከለት፤ እሱም ለድርጅቱ መቀየሩን ረሳ፣ እኛም አላስታወስነውም። ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ አልላከም አንልም። ልኳል፣ ሦስት ጊዜ። ሁለቱ በማስታወቂያ ክምር ውስጥ ተቀብረው ቀሩ፤ ሦስተኛውን አየነው። «አካውንታችሁ በ09/10 ተርሚኔት ይደረጋል» ይላል።

«ተርሚኔት»ን መዝገበ ቃላት ሳንጠይቅ «ይቋረጣል» ብለን ተረጎምናት። እኛ አገር ስልክ ይቆረጣል፣ መብራት ይቆረጣል፣ ውሃ ይቆረጣል። ተሰልፈህ ሂሳብህን ትከፍላለህ፣ ቅጣትም ካለ ትቀጣለህ፣ ይቀጠልልሃል። ስልክ ቁጥርህም ቆጣሪህም ካሉበት አይነቃነቁም። እዚያ ግን ነገሩ መስመር መቁረጥ አይደለም፤ ቤቱን ከነዕቃው አፍርሶ ቦታውን ለሌላ ተከራይ መስጠት ነው። 41 ቅጂ ነበረን። 12ቱን እርስ በርሳችን በቴሌግራም ስንላላክ ስለነበር አገኘናቸው። 29ኙ እንደ ወጡ ቀሩ።

ለድርጅቱ ጻፍን። መልሱ «መረጃው ሊመለስ አይችልም፣ እናዝናለን» የሚል ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ መልእክት ተከተለ፦ «አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ኮከብ ምን ያህል ይሰጡታል? የምናሻሽለው ካለ ይንገሩን።» ከመካከላችን ቁጡዋ ልጅ ልትጽፍ የነበረውን እዚህ አንደግመውም። ቡና አፍልተን ተረጋግተን ስናስበው ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው። ከተጠየቅን እንመልስ አልን። የመለስነው እነሆ፦

አንደኛ፣ ቀኑን በፊደል ጻፉት። «10 ሴፕቴምበር» ለማለት ስንት ፊደል ይፈጃል? ሰዓቱንም እንዲሁ። ማስጠንቀቂያው ግርጌ ላይ «23:59 ዩቲሲ» የሚል አለ። ይህ በአዲስ አበባ በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቀኑም ተቀየረ፣ ሰዓቱም ተቀየረ፤ የእኛ ሰዓት ደግሞ ከንጋት ነው የሚቆጠረው። «ስድስት ቀን ከአራት ሰዓት ቀርቷችኋል» ቢባል ግን የትም አገር ያለ ሰው ያለ ካላንደር ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ቁልፎቻችሁ የሚሠሩትን ይናገሩ። «ስቶፕ»፣ «ፓወር ኦፍ»፣ «ዲስትሮይ»፣ «ተርሚኔት»… አራት ቃል፣ በየድርጅቱ አራት ትርጉም። አንድ ጊዜ ገንዘብ ቸግሮን ሰርቨሩን ለሁለት ወር አጠፋነው። ሂሳቡ ግን እንደ ወትሮው ሙሉውን መጣ። ለካስ ማሽኑ ቢጠፋም ቦታው የተያዘው በስማችን ነው። ይህ የእነሱ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ አማዞን ዘንድ እንኳ ማሽኑን ስታቆሙት የማሽኑ ኪራይ ይቆማል፣ የዲስኩ ግን ይቀጥላል። ይሁን፤ ሕጋቸው ነው። ግን ቁልፉ ሥር በአንድ መስመር «ይህን ብትጫኑ ክፍያው ይቀጥላል» ወይም «ይህን ብትጫኑ ዕቃችሁ ለዘላለም ይጠፋል» ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል? ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የዘርፉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣቸው አሥር መመሪያዎች ውስጥ ሁለቱ ይኸንኑ ነው የሚሉት፦ ሲስተም በተጠቃሚው ቋንቋ ይናገር፤ ስህተትንም ከማስተዛዘን ይልቅ አስቀድሞ ይከላከል።

ሦስተኛ፣ ሞት በደረጃ ይሁን። በየሰፈሩ ከአዛውንቶች የሰማነውን የእድር ሥርዓት አስቡት። መዋጮ ያጓደለ አባል መጀመሪያ ይቀጣል፣ ቀጥሎ ሰው ይላክበታል፣ ስሙ የሚሰረዘው በመጨረሻ ነው። የክላውዱ ግን ዛሬ አባል፣ ነገ ስረዛ። መጀመሪያ በሩን ዝጉት፤ ከዚያ ዕቃውን 30 ቀን አቆዩልን፤ በዚህ መሀል ባለቤቱ ፋይሉን አውርዶ የሚወጣበት ትንሽ መስኮት ተዉለት። የማቆያ ኪራይ ጠይቁ፣ እንከፍላለን።

ይህ የትንንሽ ደንበኞች ልቅሶ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር ጎግል ክላውድ ላይ የነበረው «ፕራይቬት ክላውዱ» ተሰረዘበት። ከ600 ሺህ የሚበልጡ አባላት ሂሳባቸውን ማየት አቅቷቸው ቀናት ተቆጠሩ። ጎግል በኋላ እንዳብራራው፣ አገልግሎቱ ሲዋቀር አንድ ሠራተኛ በውስጥ መሣሪያ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ሳይሞላ አለፈ፤ ሲስተሙም ባዶውን «የአንድ ዓመት ውል» ብሎ ተረጎመው። ዓመቱ ሲሞላ ማንንም ሳያስጠነቅቅ ሰረዘ። ፈንዱን የታደገው ሌላ ድርጅት ዘንድም ኮፒ ማስቀመጡ ነው። ባዶ ቦታ ይህን ያህል ካጠፋ፣ የተምታታ ቀን ምን አያደርግ!

አራተኛ፣ ከአንድ ሰው በላይ ንገሩ። የካርዱ ባለቤት ሌላ፣ የኢሜይሉ ባለቤት ሌላ፣ ሥራው የሚመለከተው ሌላ በሆነበት ዓለም አንድ አድራሻ አይበቃም። ሁለተኛ ኢሜይል፣ ስልክ ቁጥር፣ አጭር መልእክት ይኑር። ማስጠንቀቂያውንም ከቅናሽ ማስታወቂያችሁ ጋር በአንድ ስምና በአንድ መልክ አትላኩት። በሳምንት ሁለቴ «ታላቅ ቅናሽ!» የሚጮህ ላኪ «እሳት!» ብሎ ሲጮህ ማን ቀና ይላል?

አምስተኛ፣ ቅጻችሁ እኛንም ይወቀን። «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የእኛ ሁለተኛ ስም የአባታችን ስም ነው። ባንካችን ደግሞ በሦስት ስም መዝግቦናል፤ ቅጹ ሁለት ብቻ ይቀበልና «ከካርዱ ጋር አይገጥምም» ይላል። «ዚፕ ኮድ» ይላል፤ ለእኛ ቤት ድረስ ፖስታ የሚያመጣ የለም፣ ያለን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። የዘመድ ካርድ የምንዋሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንድ ዓመት አስቀድሞ መክፈል ቢፈቀድ ኖሮ ደግሞ ከአዲስ ካርድ ጋር የሚመጣ ጣጣ ባልነበረ።

ስድስተኛ፣ እውነቱን የሚናገር የሁኔታ ገጽ ይኑራችሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 2017 የአማዞን ማከማቻ ኤስ3 በአንድ ሠራተኛ የተሳሳተ ትእዛዝ ሲወድቅ፣ ችግሩን ማሳወቅ የነበረበት ገጽ ራሱ በዚያው ማከማቻ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ተገኘና ለተወሰነ ጊዜ ሊታደስ አልቻለም። የእሳት ደወሉን ከሚቃጠለው ቤት ጋር በአንድ ገመድ እንደማሰር ነው። የእኛም ሰርቨር ከተሰረዘ ከሦስት ቀን በኋላ የድርጅቱ ገጽ «ሁሉም ደህና ነው» እያለ በአረንጓዴ ያበራ ነበር። ለእነሱ ደህና ነበር።

ስድስቱን ጽፈን ላክን። የሰጠነው ኮከብ ሁለት ነው። አንዱ ሰርቨሩ እስካለ ድረስ በደንብ ስለሠራ፣ ሌላው ስለጠየቁን።

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄ። ኮፒ ለምን አላስቀራችሁም? መልስ የለንም። ሦስት ኮፒ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን የሚለውን ምክር ሰምተነዋል። «ክላውድ ላይ ነው» ስንል ግን የሆነ ሰማይ ቤት ያለ ጠባቂ የሚጠብቀው ነበር የሚመስለን። የድርጅቱ ጥፋት የእሱ ነው፤ ይኼኛው የእኛ ነው። ሌላ ሰው ያመነንን ድምፅ ይዘን ነበርና ጥፋታችን ከእነሱ አያንስም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። «አስተያየታችሁ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» ይላል። በዚያው ወር ግን በተዘጋው አካውንታችን ስም አንድ ተራ ማስታወቂያ ደረሰን፤ ቀኑ በፊደል ተጽፏል። እኛን ሰምተው ይሁን ቀድሞም አስበውት፣ አልጠየቅንም። ደስ ብሎን ግን አራታችንም አየነው።

ከጠፉት 29 መካከል የአንዲት እናት ድምፅ ነበር። ሰፈራቸው ከመፍረሱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው የቀዳናቸው፤ ከፈረሰ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ልጃቸው በኅዳር ደወሉልን። «ለሙት ዓመቷ ድምጿን ለቤተሰቡ ላሰማ ብዬ ነበር» አሉ። በስልክ የሚነገር አልነበረምና አዲሱ ቤታቸው ድረስ ሄድን። ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጆቼ፣ እናንተ ግን ሰምታችኋት ነበር አይደል? ያለችውን ጻፉልኝ» አሉን።

እየጻፍን ነው። እሳቸው ቤታቸውን እንዴት እንደሠሩ፣ ጭቃውን ማን እንዳቦካ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ያለ በር እንዴት እንዳደሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቤቱ በስንት ብር አለቀ የሚለው ላይ ግን ሁለታችን 700 ብር ነው ያሉት እንላለን፣ ሁለታችን 900። ቅጂው ቢኖር ማንም አይከራከርም ነበር። ሁለቱንም ጽፈናል።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ እስቲ ስልካችሁን ክፈቱ። የእናታችሁ ድምፅ ያለበት ፋይል አለ? ሌላስ የት አለ?