«እሱ ምን ሆነና!»

«መካን» ለወንድም ለሴትም የሚሆን ቃል ነው። በአፋችን ግን የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ብቻ ነው።

በቅርቡ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ቡና ስንጠጣ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የሆዷን አወጋችኝ። ካገባች አራት ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ በሦስት በአራት ወር አንዴ ብቅ ይላል። ሐኪሙ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ» ብሏታል፤ አማቷ ደግሞ «ልጄ ሌላ ያግባ» እያሉ ነው።

«ባልሽስ ተመረመረ?»

«እሱ ምን ሆነና፣ መምህርት!»

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። በዚህ ሕመም እንቁላሉ አለ፤ ችግሩ በየወሩ በስሎ አለመውጣቱ ነው። ስለዚህም በሕክምና በደንብ ከሚረዱት የመካንነት መንስኤዎች አንዱ ነው። ክብደቷ ለጨመረ ሴት ጥቂት ኪሎ መቀነስ ብቻውን ዑደቱን ሊመልሰው ይችላል። ሐኪም እየተከታተለ ለ5 ቀን የሚዋጥ ሌትሮዞልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 750 ሴቶችን የያዘ የአሜሪካ ጥናት ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ የቆየውን ክሎሚፊን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶ መውለዳቸውን አሳይቷል። በላቦራቶሪ ማስፀነስ የመጨረሻው በር ነው፤ እሱንም የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 ጀምሮታል።

ይሁንና የባል ዘር ካልታየ ክኒኑም በከንቱ ሊዋጥ ይችላል። እሷ አራት ዓመት ሙሉ ስሟ ሲነሳ ሲወድቅ ከሚኖር፣ እሱ አንድ ጠዋት ላቦራቶሪ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል?