በረራዬን እንጂ ወሬዬን አልሰጠሁህም

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አሁን ረዳት አብራሪ ናት። ድምጿ ደስ አላለኝም።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጓደኛዬ መብረር አልቻለችም ተብሎ የአራት ቀን ጉዞዋን እኔ ሸፈንኩላት። የእረፍት ቀኔን ሰጥቼ ነው። ታመሰግነኛለች ስል ጭራሽ ተቀየመችኝ። ምን አጠፋሁ?»

«ለምን እንደቀረች ለሰው ተናገርሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ሁሉም ይጠይቀኛል እኮ! ምን ልበል ታዲያ?» አለች።

አልተቆጣኋትም። የምቆጣበት አፍ የለኝም። ለምን እንደሆነ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያኔ እኔም ረዳት አብራሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ደወለ። እናቱ ደሴ በጠና ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ማታ የሚነሳውን በረራውን እንድይዝለት ለመነኝ። እረፍት ላይ ነኝ፣ በደንብ ተኝቻለሁ፣ የተፈቀደልኝ የበረራ ሰዓትም አልሞላም። እሺ አልኩት። ስኬጁል ክፍልም ፈቀደ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ትክክል ነበር።

ማታ ብሪፊንግ ክፍል ስገባ ከበረራ አስተናጋጆቹ አንዷ እህቱ ናት። ከወንድሟ ጋር አብራ ልትበር ነው የመጣችው። እኔን ስታይ ሳቅ ብላ «ውይ! አንተ ነህ እንዴ? እሱስ?» አለችኝ።

እኔም አዛኝ ሆኜ እጇን ያዝ አድርጌ፣ «አይዞሽ፣ እማማን እግዜር ይማርልን» አልኳት።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አልነገሯትም ነበር። ከበረራው ስትመለስ ቁጭ አድርገው ሊነግሯት ቤተሰቡ ተማክሯል። እኛ አገር ከባድ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። መርዶ እንኳ ሰዓትና ሰው ይመረጥለታል። እኔ በቆምኩበት፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ በሰው ፊት ጣልኩባት።

ካፒቴናችን ትልቅ ሰው ነበር። ወደ ጎን ወሰዳትና ጥቂት አነጋገራት። ከዚያ «ዛሬ አትበሪም፣ ልጄ» አላት። ልክ ነበር። ሁላችንም ከበረራ በፊት ራሳችንን የምንጠይቃቸው ነገሮች አሉ፦ ሕመም፣ መድኃኒት፣ ጭንቀት፣ አልኮል፣ ድካም፣ ስሜት። ይሄ ለአብራሪ ብቻ አይደለም። ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግቶ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። ያን ሥራ የሚመሩት አስተናጋጆቹ ናቸው። ልቧ ደሴ ያለ ልጅ በር ላይ ልትቆም አትችልም።

ተጠባባቂ ተጠራች። ዘግይተን ተነሳን። ካፒቴኑ ከሥራ ቃል ውጪ አንድም ነገር ሳይናገረኝ አደርን።

ደግነቱ እናትየው ያን ጊዜ ተርፈዋል። ባልደረባዬ ሥራ ሲመለስ ላመሰግን ነው ብሎ መጣ፤ አመሰገነኝም። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «በረራዬን እንጂ ወሬዬን አልሰጠሁህም እኮ» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለተማሪዬ ይህን ከነገርኳት በኋላ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው። ለአብራሪ ብቻ አይመስለኝም፤ ነርሱም፣ መምህሩም፣ ሹፌሩም የሰው ተራ ይሸፍናል።

አንደኛ፣ የሰው በረራ ቢሮው ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ለባለቤቱ ደውሉ። ምናልባት በራሱ ፈቃድ አልተወውም። ምናልባት እዚያ አገር የልጁ ምርቃት አለ። «እኔ ተመድቤያለሁ፤ የምታውቀው ነገር አለ?» ማለት አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሁለተኛ፣ በይሉኝታ እሺ አትበሉ። የሰው ሰውነት በጣም የሚዝለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ረጅም በረራዎቻችን ደግሞ ከቦሌ በሌሊት ነው የሚነሱት። ቀኑን ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ቤት ውላችሁ ከሆነ «ወንድሜ፣ አልተኛሁም፤ አልችልም» በሉ። ጓደኛችሁ ለአንድ ቀን ይቀየማችሁ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ይሉኝታችሁን አያውቅም።

ሦስተኛ፣ እሺ ካላችሁ በረራው የእናንተ ነው። በመጨረሻው ሰዓት አትመልሱት፤ ያ ሰው ለቅሶም ሆነ ሆስፒታል እናንተን አምኖ ነው የሄደው።

አራተኛ፣ ለሰው አደርሳለሁ ያለውን የታሸገ ዕቃ ሳታዩ አትቀበሉ። «በርበሬ ነው» ቢልም ተከፍቶ ይታይ። ቅር አይበለው፤ እሱም በእናንተ ቦታ ቢሆን እንደዚያው ያደርጋል።

አምስተኛ፣ ይሄ ነው ዋናው፤ ምክንያቱ የእናንተ አይደለም። በተለይ የአብራሪ ሕመም ወሬ ከሌላው ሰው ይከብዳል። እንጀራችን የተንጠለጠለው ቢያንስ በዓመት አንዴ በሚታደስ የጤና ምስክር ወረቀት ላይ ነው። አንዱ «ራሷን አሟት» ያለው ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ «ወድቃ ነበር አሉ» ይሆናል። ሐኪሙና የሚመለከተው ክፍል ማወቅ ያለባቸውን ራሷ ትነግራቸዋለች። ለሌላው «ዛሬ እኔ ነኝ» በቂ መልስ ነው። ፈገግ ብላችሁ በሉት፤ ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም።

ስድስተኛ፣ ውለታ አትቁጠሩ። «ያኔ ሸፍኜልህ የለ?» የተባለ ቀን ያደረጋችሁለት ሁሉ ይረክሳል።

በመጨረሻ ተማሪዬን «ዛሬውኑ ደውዪላት፤ ሰበብ ሳትደረድሪ አጥፍቻለሁ በዪ» አልኳት። እኔ ያቺን እህቱን ይቅርታ የጠየቅኳት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በየኮሪደሩ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር። «ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ» አለችኝ፤ ቀጥላ ግን የዚያን ዕለት የያዝኩትን የሻንጣ ቀለም ነገረችኝ።

በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ።