በጣት የተፈረመ ወረቀት

ስለ ውክልና ልጽፍ ስነሣ «ይህ የጠበቃ ነገር ነው፤ የመጋቢ ሚስት ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን እዚህ ደብረ ታቦር እንባዋን ይዛ ቤታችን የመጣች የአንዲት እህት ጉዳይ ይህ ነበር።

እናቷ ከጉና ሥር ተነሥተው ከተማ የገቡ፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። ያላቸው አንድ ቤትና ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ናቸው። ታላቅ ወንድሟ፣ በጸሎት ቤት የሚያገለግል ሰው፣ «እማዬ፣ ኪራዩን እኔ ልሰብስብልሽ» ብሎ በጣታቸው አስፈረማቸው። ወረቀቱ ግን መሸጥ መለወጥን፣ በመያዣ ማስያዝንም ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ ኪራዩ እጃቸው አልገባም። ለጋቢ መግዣ ሲጠይቁት «እናት ከልጇ ሒሳብ ትጠይቃለች?» አላቸው።

ትጠይቃለች እንጂ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተወካይ ለወካዩ ጥቅም በቅን ልቡና እንዲሠራ፣ ሲጠየቅም ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዛል። ጠቅላላ ውክልና ከማስተዳደር አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ለዚህ ነው «መሸጥ መለወጥ» የምትለው ቃል ሾልካ የምትገባው። ወካዩም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። የገጠር መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፤ የከተማ ቤት ግን ይሸጣል።

የኤልሳዕን ሎሌ ግያዝን አስታውሱ። ንዕማንን ተከትሎ የሮጠው በጌታው ስም ነበር፤ አንድ መክሊት ብር ጠይቆ ሁለት ይዞ ተመለሰ፣ ቤቱም ሸሸገው። ኤልሳዕ ግን አላከውም። የአብርሃም ሎሌ ደግሞ ማዕድ ቀርቦለት እንኳ የተላከበትን ሳይናገር አልበላም።

እህታችንን አንዳንድ ቅዱሳን 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6ን እየጠቀሱ «ወንድምሽን አትክሰሺ፤ ታገሺ» አሏት። እኔ በዚህ አልስማማም። ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ወንድሞቻቸውን የሚያታልሉትን ይገሥጻል፤ ያንን ቁጥር ለወንድሟ ያነበበለት ግን አልነበረም። ደግሞም ውክልና መሻር ክስ አይደለም። እማማ የእኛን እምነት አይከተሉም፤ ስለ ወንጌል የሚያውቁት ልጆቻቸውን አይተው ነው። እንግዲህ ምን አዩ?

አንቺም እህቴ፣ ባልሽ የእናቱን ኪራይ ይዞ ሲገባ ዝም አትበዪ። ሰጲራ የባልዋን ነገር ታውቅ ነበርና።

ልጅቷ እናቷን ይዛ ሄደች፣ ውክልናውም ተሻረ። ወንድሟ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ የሰባት ወሩን ብቻ መለሰ፤ የቀረውን እስከ ዛሬ አልከፈለም። እማማ አሁንም ሲመጣ ቡና ያፈሉለታል። ወረቀት ይዞ ከመጣ ግን «እስኪ ቆይ፣ እኅትህ ትምጣና ታንብብልኝ» ይሉታል።