ስድስት ወር የጠበቅነው መጽሐፍ



በዚህ እትም ስለ አንድ ልብወለድ ልናወጋችሁ ነው። «ፈተና ደርሶ የምን ልብወለድ?» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ትምህርታችን ይመልሰናል፣ ኢንሻአላህ።

እኛ አራት ነን። አራታችንም የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፤ አራታችንም ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስን ያደግን ነን። እንደ ብዙ የአገራችን ወጣት መጀመሪያ ያነበብነው ሳይንስ የገባበት ልብወለድ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነበር። ከዚያ በአንድ የእረፍት ሳምንት፣ የድሬ ሙቀት ከዶርም አላስወጣ ሲለን፣ «ድዩን» የተባለውን ፊልም፣ የ2021ዱንም የ2024ቱንም ክፍል፣ በአንድ ላፕቶፕ ተደራርበን አየን።

አሸዋውና ሙቀቱ አላስደነቀንም። ደረቁን ደቻቱን እየተሻገረ ላደገ ልጅ አሸዋ ምኑ ይገርመዋል? ያስደነገጡን ቃላቱ ናቸው። «መህዲ»፣ «ኡሱል»፣ «ሙአዲብ»፣ «ሊሳኑል ገይብ»፤ መድረሳ ቁጭ ብለን የሰማናቸው ቃላት በሌላ ፕላኔት ሰዎች አፍ! ገይብን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለምና የመጨረሻው ስም መጀመሪያ ላይ ቅር አሰኝቶን ነበር። ወደ መጽሐፉ ስንሄድ ግን ታሪኩ ራሱ የሚያስጠነቅቀው፣ ሕዝብ ለአንድ ሰው ልቡንም አእምሮውንም አሳልፎ ሲሰጥ ምን እንደሚከተል ሆኖ አገኘነው።

የፍራንክ ኸርበርት «ድዩን» በመጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከሃያ በላይ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ የተቀበለው ቺልተን የተባለ፣ በመኪና ጥገና መጻሕፍቱ የሚታወቅ ድርጅት መሆኑን ስንሰማ እንደ መካኒካል ተማሪ ኩራት ቢጤ ተሰማን። በታሪኩ ውስጥ ፍሬመን የሚባሉት የበረሃ ሰዎች «ኪታብ አል-ዒበር» የሚሉት መጽሐፍ አላቸው፤ ይህ የታላቁ ዓሊም የኢብን ኸልዱን የታሪክ ሥራ ስም ነው። ኸርበርት ስለ ዳግስታኑ ኢማም ሻሚል ከሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ከወጣው የሌስሊ ብላንች መጽሐፍም ብዙ ወስዷል። እንግሊዝኛው አስቸግሮናል። ከዐስር እስከ መግሪብ ዛፍ ሥር ተቀምጠን አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቻችን የከበደንን ቃል በስልክ እንፈልጋለን፤ በቀን አምስት ገጽ ከሄድን ጥሩ ነው።

ከሁሉም በላይ የያዘን አንድ ነገር ነው። በዚያ ዓለም መንኮራኩር አለ፣ ኮምፒውተር ግን የለም። ታሪኩ ከሚጀምርበት ጊዜ አሥር ሺህ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ «የበትለሪያን ጂሃድ» በተባለ ጦርነት ሰዎች የሚያስቡ ማሽኖችን ሁሉ አጥፍተዋል፤ ዳግም እንዳይሠሩም በሃይማኖት ተከልክሏል። ስሌቱን የሚሠሩት አእምሯቸው ለዚሁ የሠለጠነ «ሜንታት» የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ኸርበርት ስለ ጦርነቱ የሚነግረን በጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። ከእነዚያ የገባን ይህ ነው፦ ሰዎች ማሰቡን ለማሽን ትተው ነፃ የሚወጡ መስሏቸው ነበር፤ የወጡት ግን ማሽኑን ለያዙ ሌሎች ሰዎች ባሪያ ሆነው ነው። በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ላይ ስንት ምሽት እንደተከራከርን አላህ ያውቃል።

ኸርበርት ስድስተኛውን የድዩን መጽሐፍ በ1985 አውጥቶ በ1986 ሞተ። ልጁ ብራያን ኸርበርት ከኬቨን ጄ. አንደርሰን ጋር ሆኖ ከ1999 ጀምሮ ሌሎች ጥራዞች ጨመረበት፤ በ2002 የወጣው ርዕሱ ራሱ «የበትለሪያን ጂሃድ» ነው። ይህን ስናውቅ እንቅልፍ አጣን። ውጭ አገር የሚኖር የአንዳችን አጎት ለዒድ ሲመጣ እንዲያመጣልን ለመንነው፤ ስድስት ወር ጠበቅን። መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ቸኮሌቱን ለታናናሾቹ ትተን መጽሐፉን ይዘን ወጣን።

በሁለት ሳምንት ጨረስነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነበር፤ ቅር የሚለውም ከዚሁ ይጀምራል። ኦምኒየስ የሚባል ክፉ ኮምፒውተር ዓለማትን ይገዛል፤ ኢራስመስ የሚባል ሮቦት አንድ ሕፃን ከሰገነት ወርውሮ ይገድላል፤ እናትየው የአመፁ ምልክት ትሆናለች፤ ጦርነት ይነሳል። ለነገሩ፣ ሰዎቹ ሰንፈው እንደነበርና መጀመሪያ የገዟቸው ሌሎች ሰዎች እንደነበሩ መጽሐፉ ይጠቅሳል። ግን ቶሎ ያልፈዋል፤ የቀረው ገጽ የብረትና የሥጋ ፍልሚያ ነው። ከመካከላችን አንዱ «የጦርነት ታሪክ ነው፣ ልብ ይሰቅላል፣ ምን አላችሁ?» ብሎ ተከራከረልን። እውነቱን ነው። እኛ ግን የጠበቅነው ሌላ ነበር።

ቅሬታችንን በመድረሳ ቋንቋ ብንናገረው ይቀለናል። መትን አለ፣ ሸርሕ አለ። መትኑ አጭርና ጠጣር ነው፤ ሸርሑ ይፈታዋል። ጥሩ ሸርሕ መትኑን ሲከፍትልህ አዲስ ጥያቄ ይዘህ ትነሳለህ። መጥፎው ግን ጥያቄውን ዘግቶ «አለቀ፣ ሂድ» ይልሃል። የአባትየው ጥቂት መስመሮች «አንተስ ማሰብህን ለማን ሰጠህ?» ብለው ይጠይቁን ነበር። የልጅየው ወፍራም ጥራዝ «ጥፋተኛው ሮቦቱ ነው» ብሎ አሰናበተን።

እንዲህ እያማረርን በሰነበትንበት ሳምንት ነው የእኛው ጉድ የወጣው። የቡድን ሥራ ነበረብን፤ የአንድ ሻፍት ዲዛይን። ጊዜ አጠረንና ለኤአይ ሰጠነው። በደቂቃ ውስጥ ሥዕሉም ስሌቱም ማብራሪያውም ተሰልፎ መጣ፤ ስማችንን ጽፈን አስገባን። መምህራችን ጠርቶን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ሴፍቲ ፋክተሩን ለምን 3 አደረጋችሁት?» እርስ በርስ ተያየን። እያንዳንዳችን ሌላው አይቶታል ብለን ነበር። አራት ሰው ቁጥሩን አላነበበውም። መምህሩ አልተቆጣም፤ «ይህ ሻፍት ቢሰበርና ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልን።

ወደ መግሪብ ሶላት ስንሄድ አንዳችን «ኤአዩ አሳሳተን» አለ። ሌላው ቆመና «ይኸው፣ ወፍራሙን መጽሐፍ እየደገምከው ነው» አለው። ማንም አልሳቀም። ስድስት ወር ጠብቀን የተናደድንበትን ታሪክ፣ ራሳችንን ነፃ ለማውጣት ስንፈልግ እኛው ተረክነው።

ከዒሻ በኋላ ስለ ቃሉ ተጨዋወትን። ጂሃድ ከ«ጁህድ» ነው፤ ልፋት፣ ያለ የሌለ አቅምን ማፍሰስ። ከዚሁ ሥር ዑለማዎች አንድን ፍርድ ለማግኘት አእምሯቸውን የሚያደክሙበት ኢጅቲሃድም ይወጣል። እኛ የሙጅተሂድ ደረጃ ላይ አይደለንም፤ ስለ ኤአይ ሐላልና ሐራም መናገርም የዓሊሞች ቦታ ነው። ግን አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ ለማወቅ መልፋት አያቅተውም።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን። መጀመሪያ በእጅ እንሠራለን፤ ከዚያ ኤአዩን መጠየቅ የፈለገ ይጠይቅ። ከማስገባታችን በፊት ግን ከአራታችን በዕጣ የወጣው ተነስቶ ሥራውን ለሦስቱ ያስረዳል። ካልቻለ አይገባም። ባለፈው አንዴ በዚህ ምክንያት ዘግይተን ማርክ ተቀንሶብናል። ቅር ብሎናል፤ ደንቡን ግን አልተውነውም።

ሁለቱም መጻሕፍት እኛ ዘንድ አሉ፤ የፈለገ ወንድም ወይም እህት ከጁሙዓ በኋላ ይጠይቀን። የምንለምናችሁ የ1965ቱን አስቀድማችሁ እንድታነቡ ነው። ቢከብዳችሁም አትቸኩሉ፤ ከዐስር በኋላ ዛፉ ሥር ቦታ አለ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።