ከብቸና እስከ ሞጣ፤ ደኑ የቀረው በደብሩ ዙሪያ ነው

የዓባይን ሸለቆ ተሻግረው ደጀን ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ወደ ደብረ ማርቆስ ያመራል። ዛሬ የምንጓዘው በቀኙ፣ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ነው።

ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ዛፍ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1880ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ማለት ነው። ማገርም፣ ማገዶም፣ የልጆች ደብተር መግዣም ስለሚሆን አንነቅፈውም። ደን ግን አይደለም።

ደን ማየት የፈለገ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ይመልከት። በማሳው መካከል ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታየው አረንጓዴ ደብር ነው። ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው የተረፈው ምእመናኑ መጥረቢያ ማንሳትን ስለፈሩ ነው። ወፉም የተጠለለው እዚያው ነው።

ታዲያ አንባቢዬ፣ እዚያ ሲገቡ ቀና ብለው ብቻ አይመልከቱ፤ ጎንበስ ብለው መሬቱንም ይመልከቱ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከዓባይ ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። ከብት በሚገባበት ደን ችግኙ እየተበላና እየተረገጠ እንደማያድግ፣ በታጠረው ቦታ ግን ብዙ ችግኝ እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ከብት የሚገባበት ደብር፣ ዛፎቹ የቱንም ያህል ቢገዝፉ፣ የሕፃን ድምፅ የማይሰማበት የሽማግሌዎች መንደር ነው። ከጥናቱ ወዲህ በዚያ አካባቢ በበርካታ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ድንጋዩ ከማሳ የሚለቀም በመሆኑ እርሻውም ይጸዳል።

ወደ ሞጣ ሲጓዙ በስተግራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎችም ብዙ የዓባይ ገባሮች የሚነሱት ከዚሁ ነው። በጮቄ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ይህ አውሬ የገብሱና የድንቹ እርሻ ሽቅብ ሲወጣ፣ አስታውና ጓሳው ሲመነጠር መኖሪያ አጣ። ዛሬ በጮቄ የለም። አይጥና ፍልፈል እያደነ ገበሬውን ይጠቅም የነበረ መሆኑ ያስቆጫል።

የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ስለ ቀበሮ ምን አገባው የሚል ካለ፣ መልሱ ማጀት ውስጥ ነው። ደኑ ሲርቅ እንጨት ፍለጋ ርቀው የሚሄዱት እናትና ሴት ልጅ ናቸው፤ ልጅቱ ትምህርቷን ትቀራለች። እንጨቱ ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ለማሳ ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ፍግ አመድ ይሆናል። እህል ሲቀንስ ደግሞ አዲስ እርሻ ፍለጋ ሽቅብ ወደ ጮቄ ይወጣል።

በቤታችን ብዙ ማገዶ የሚፈጀው እንጀራ መጋገሩ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። እሳቱ ስለተከለለ ሕፃናትም በቀላሉ አይቃጠሉም። ውድነቱ ነው የሚነገረው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት የጤፉን ገንዘብ የሚይዘው አባወራው፣ ጭሱን የምትቀበለው ደግሞ እማወራዋ ናት። ስለዚህ እህቶቼ፣ የምድጃው ነገር በገበያ ቀን፣ ጤፉ በአህያ ሳይጫን ገና በማለዳው ቢነሳ ይሻላል።